የማን መንግሥት? ስለ አራት ሞክሼዎች

ከግንቦት 13 እስከ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. በነበረው ሳምንት አንድ ሰው «መንግሥቱ ሄደ፤ መንግሥቱ ግን አለ» ቢል ንግግሩ እርስ በርሱ አይጣላም ነበር። የመጀመሪያው መንግሥቱ ወደ ዚምባብዌ የኮበለለው ርእሰ ብሔር ነው። ሁለተኛው በሌተና ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን ተጠባባቂነት ለጥቂት ቀናት ሲንገዳገድ የቆየው አስተዳደር ነው። ጆሮ ሁለቱን አይለያቸውም። ዓይንም አይለያቸውም፤ ፊደላችን ለተጸውዖ ስም ብሎ ከፍ አድርጎ የሚጽፈው ሆሄ የለውም። የሚለያቸው ዐውዱ ብቻ ነው፤ በዚያ ሳምንት ደግሞ ዐውዱ ራሱ ይወላውል ነበር።

ነገሩ ተራ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል ሰዋስዉን ጥቂት ላፍታታው። በአማርኛ በስም መጨረሻ የምትቀጠለው «ኡ» ሁለት ሥራ ትሠራለች። «ቤቱ» ስንል የእሱ ቤት ማለታችን ሊሆን ይችላል፤ ቀድመን ያወሳነው፣ የታወቀው ያ ቤት ማለታችንም ሊሆን ይችላል። አንደኛው አገናዛቢ ነው፤ ባለቤት አለው። ሁለተኛው እመርታን ያመለክታል፤ ባለቤት አያሻውም። በግእዝ «መንግሥቱ» የእርሱ መንግሥት ነው። አማርኛ ቃሉን ከነቅጥያው ተረክቦ፣ ከባለቤት ነጻ የሆነውን ሁለተኛ ትርጉም ጨመረበት። ስለዚህ ልጁን መንግሥቱ ብሎ የሚያወጣ አባት፣ አወቀም አላወቀም፣ መልስ ያልተሰጠው ጥያቄ በልጁ ላይ ያሳድራል፦ የማን?

የቤተ ክርስቲያኑ መልስ ቀላል ነው። ቅዳሴ የሚያስቀድስ ሁሉ ለመንግሥቱ ፍጻሜ እንደሌለው የሚመሰክረውን ጸሎተ ሃይማኖት ይሰማል፤ ባለቤቱ እግዚአብሔር ነው። ኃይሉ፣ ሣህሉ የሚሉት ስሞች በዚሁ መንገድ ይነበባሉ። ለቤተ መንግሥት ሰው ግን ባለቤቱ ንጉሡ ነው። ለእናት ደግሞ ሕፃኑ ራሱ ሊሆን ይችላል። ስሙ ባለቤቱን አለመናገሩ ለሦስቱም ይመቻል።

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ስምና የአባት ስም ነው ያለን። አውሮፓ ውስጥ ሁለት ሰዎች ተመሳሳይ የቤተሰብ ስም ካላቸው መጀመሪያ የሚጠየቀው ዝምድናቸው ነው። እኛ ጋ ግን ሞክሼ ከሞክሼው ጋር በሥጋ አይዛመድም። የሚዛመዱት ወላጆቻቸው በተመኙት ምኞት ነው። የአንድ ዘመን ሞክሼዎችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ለታሪክ አጥኚ የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው። አንዱ ከሌላው እንዳይምታታ ማጥራት የመዝገብ ቤት ሥራ ነው፤ አስፈላጊም ነው። የኔ ሙግት ግን መምታታቱ ራሱ መነበብ የሚገባው ሰነድ ነው የሚል ነው።

በዚህ ዓይን የማያቸው አራት ሰዎች በሩብ ምእተ ዓመት ውስጥ የተወለዱ ናቸው፦ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ፣ ባለቅኔውና ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ፣ ሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም፣ እግር ኳስ ተጫዋቹ መንግሥቱ ወርቁ። (አማርኛ ለአንዱ «እሳቸው»፣ ለሌላው «እሱ» ማለትን ያስገድዳል፤ ወታደሮቹን አንቱ ብዬ ኳስ ተጫዋቹን አንተ ማለት አልፈለግሁምና አራቱንም «እሱ» እላለሁ።)

የስሙ ምጸት ከሁሉ የሚከፋው በመጀመሪያው ላይ ነው። መንግሥቱ ንዋይ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ነበር፤ ሥራው የንጉሡን መንግሥት መጠበቅ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ለጉብኝት ብራዚል በነበሩበት ጊዜ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ አሜሪካ ተምሮ ከተመለሰው ወንድሙ ከግርማሜ ንዋይ ጋር ሆኖ በዚያው መንግሥት ላይ ተነሣ። ዛሬ «የታኅሣሥ ግርግር» የምንለው ነው። ግርግር የሚለው ቃል የአሸናፊዎች ቃል መሆኑን ልብ ይሏል፤ ቢሳካ ኖሮ ሌላ ስም በወጣለት ነበር።

የሙከራውን ይዘት ስንመረምር የቅጥያዋ ጉዳይ ተመልሶ ይመጣል። ጠንሳሾቹ ዘውዱን አላፈረሱም። አዋጁን በሬዲዮ ያነበበው አልጋ ወራሹ አስፋ ወሰን ነበር፤ ለጠቅላይ ሚኒስትርነት የታጩትም ልዑል ራስ እምሩ ነበሩ። በአዲሱ ሥርዓት አልጋ ወራሹ እንደ ማንኛውም ሹም ደመወዝ እየተቆረጠለት ሊያገለግል ነበር የታሰበው። ደመወዝ የሚበላ ንጉሥ የመንግሥት ባለቤት አይደለም፤ ሠራተኛው ነው። በሰዋስው ቋንቋ ብናስቀምጠው፣ የታኅሣሥ ሰዎች ያሰቡት «መንግሥቱ» ከሚለው ቃል አገናዛቢውን አውጥተው እመርታውን ብቻ ሊያስቀሩ ነው፦ የእሱ መንግሥት መሆኑ ቀርቶ መንግሥት ብቻ እንዲሆን። በሜጀር ጄኔራል መርዕድ መንገሻ የተመራው ጦርና አየር ኃይሉ አልተቀበሏቸውም። የፓትርያርክ ባስልዮስ ውግዘት የያዘ ወረቀትም በከተማው ላይ ተበተነ። ሙከራው በቀናት ውስጥ ከሸፈ። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው የነበሩት ታላላቅ ሹማምንት፣ ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ ከነዚያው መካከል፣ በጥይት ተደብድበው ሞቱ። ግርማሜም በዚያው ወር ሞተ። መንግሥቱ ቆስሎ ተያዘ፣ ተፈረደበት፣ መጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. ተሰቀለ።

(ሞክሼ ከተነሣ፦ ያ ሁሉ ሲሆን በክቡር ዘበኛ ውስጥ ሌላ አበበ ነበር፤ ከሦስት ወር በፊት በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ። የአንዱ አበበ ጓዶች ሌላውን አበበ ገደሉ። ታሪክ ጸሐፊ ሞክሼዎችን ቢሸሽ እነሱ አይለቁትም።)

ገነተ ልዑል ብዙም ሳይቆይ ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ። ስድስት ኪሎ ላይ የታሪክ ተማሪ ሰነድ ሲያገላብጥበት የኖረው ሕንጻ ያ ነው።

ስቅላቱ ዐሥር ወር ሳይሞላው፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ ያው ስም ተጠራ። የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ነበር። ኢትዮጵያ የምትገጥመው ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን ነው። መደበኛው ሰዓት በአቻ ውጤት አለቀ። በጭማሪው ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን አገባ፤ ጨዋታው ሊያልቅ ደቂቃዎች ሲቀሩት መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመረ፤ 4 ለ 2። ጎንደር ተወልዶ በቅዱስ ጊዮርጊስ ማልያ የታወቀው ይህ ልጅ በዚያ ውድድር 3 ግብ አስቆጥሮ ከግብፃዊው በደዊ አብደል ፈታሕ ጋር የኮከብ ግብ አግቢነቱን ተጋራ። ዋንጫውን ለአምበሉ ለሉቻኖ ቫሳሎ ያስረከቡት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ፤ ዐሥር ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሞክሼውን ያሰቀሉት ንጉሥ።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባል። ስም ዕጣ ነው የሚል አንባቢ ካለ መንግሥቱ ወርቁ ያስተባብልበታል። ይህን ሰው ከመንግሥት ጋር ያገናኘው አንድ ዋንጫ ነው። ሆኖም ስሙን ከአባቱ ስም ጋር አስተሳስረን ስናነብ፣ የቅኔ ተማሪ ፈገግ የሚልበት ነገር እናገኛለን። «መንግሥቱ ወርቁ»፤ ሰሙ መንግሥት፣ ወርቁ ወርቅ። የጄኔራሉም «መንግሥቱ ንዋይ» ነው፤ ንዋይ ገንዘብ ነው፣ ንብረት። መንግሥትን የራሱ ንብረት ያደረገ ሥርዓት ላይ ለተነሣ ሰው ከዚህ የከፋ ስም አይወጣለትም። ከሁሉ የሚያምረው ግን የባለቅኔው ነው፤ ስምና የአባት ስም ተገናኝተው ማሰሪያ አንቀጽ ያለው ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይሆናሉ፦ መንግሥቱ ለማ።

መንግሥቱ ለማ ይህን የማያስተውል ሰው አልነበረም። የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ ነው፤ ቅኔን ያገኘው ከቤቱ ነው። በኋላ ለንደን ተማረ፤ ስለ አማርኛ ግጥም ምጣኔና ስልት በ1963 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ጥናት ጆርናል ላይ ያሳተመው መጣጥፍ ዛሬም መነሻ ነው። በተውኔቶቹ ያደረገውን ብናይ፣ የመንግሥትን ጥያቄ ከቤተ መንግሥት አውጥቶ ወደ ጓዳ አስገባው። «ጠልፎ በኪሴ» ሴት ልጅን የመጥለፍን ልማድ በሳቅ ይፈትናል። «ያላቻ ጋብቻ» የተማረ ባላባት የቤቱን አገልጋይ ሊያገባ ሲነሣ ዘመድ አዝማድ የሚያነሣውን አቧራ ያሳያል። ሁለቱም ኮሜዲዎች የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ማን በማን ላይ ባለቤት ነው? «ባሻ አሸብር ባሜሪካ» በተባለው ግጥሙ ደግሞ፣ በአገሩ ማዕርግ ያለው ባሻ አሜሪካ ሲደርስ ማዕርጉ እንደማያድነው ያያል። ጄኔራሉ በጠመንጃ ሊነቅለው ያልቻለውን አገናዛቢ ባለቅኔው በሳቅ ሲነቀንቀው ኖረ ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። በ1980 ዓ.ም. ሲሞት አገሪቱን ሞክሼው ይገዛ ነበር።

ስለዚህ ሞክሼ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ የማነሣው ስሙን ብቻ ነው። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ተወለደ የሚባልበት 1929 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት አገር ውስጥ ያልነበረበት ጊዜ ነው። ጣሊያን አዲስ አበባ፣ ንጉሠ ነገሥቱ እንግሊዝ ባዝ ከተማ ስደት ላይ። ልጁ አድጎ በሆለታ ሠልጥኖ፣ ከሐረር ከ3ኛ ክፍለ ጦር ተወክሎ ደርግ ውስጥ ገባ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ወረዱ፤ የታኅሣሥ ሰዎች ሊነቅሉት የሞከሩት አገናዛቢ አሁን የተነቀለ መሰለ። በወረቀት ላይ መንግሥት የሕዝብ ሆነ። ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. የደርጉ ሊቀ መንበር ጄኔራል ተፈሪ ባንቲና ሌሎች ከተገደሉ በኋላ ግን ቅጥያዋ ባለቤቷን መልሳ አገኘች፤ የእሱ መንግሥት፣ በስምም በግብርም። «ጓድ መንግሥቱ» የሚለው አጠራር ማዕርግን ለመሻር የመጣ ነበር፤ «ቆራጡ መሪ» ሲጨመርበት ራሱ ማዕርግ ሆነ። ከተሰደደ በኋላ ያሳተመው ትዝታው ርእሱ «ትግላችን» ነው። ባለቤቱ ከነጠላ ወደ ብዙ ተዛውሯል፤ ሥልጣን በነጠላ ተይዞ ኃላፊነት በብዙ ቁጥር ሲከፈል ቅጥያ ምን ያህል እንደምታገለግል ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

ዛሬ ያለ አባት ስም «መንግሥቱ» ብለን ስለ ታሪክ ስናወራ የሚሰማው አንድ ሰው ነው። እሱን «መንጌ» ብሎ የሚያቆላምጥ እንኳ አለ። ሌሎቹ ሦስቱ የአባታቸውን ስም ተደግፈው ነው የሚቆሙት፤ መንግሥቱወርቁ፣ መንግሥቱለማ፣ በአንድ ትንፋሽ። ጄኔራሉ ደግሞ ማዕርጉንም ይጨምራል። ሥልጣን ከሕዝብ ጆሮ ላይ የወሰደውና እስካሁን ያልመለሰው አንድ ንብረት ቢኖር ይህ ብቻውን የቆመ ስም ነው። መንግሥቱ ወርቁ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. ሲያርፍ፣ የመጀመሪያው ሞክሼ ግርግር 50ኛ ዓመቱን የደፈነበት ወር ነበር፤ ሁለቱን ያገናኘ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

የፊደሉ ነገር ትንሽ ይቆየን። «ሠ» እና «ሰ» ሞክሼ ፊደላት ይባላሉ፤ ሰዎቹን የምንጠራበት ቃል ነው። መንግሥት የሚጻፈው በንጉሡ ሠ ነው፣ ንጉሥ ከሚለው ቃል ዘር ስለሆነ። ብዙ ጋዜጣና የመታወቂያ ወረቀት ግን «መንግስቱ» ብሎ በእሳቱ ሰ ይጽፈዋል። ይህ ስንፍና ነው፤ ለአንዳንዶቹ ባለ ስሞች ግን ስሕተቱ ከትክክሉ ይልቅ ሳይስማማቸው አይቀርም።

የውጭ አገር ጸሐፊዎች ደግሞ በሌላ በኩል ይስታሉ። የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ስለሚያስቀድሙ አራቱ ሞክሼዎች በማውጫቸው ይበተናሉ፤ ጄኔራሉ ከንዋይ፣ ኮሎኔሉ ከኃይለ ማርያም፣ ኳስ ተጫዋቹ ከወርቁ ሥር። በሐምቡርግ የተዘጋጀው ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮጲካ ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም መደርደሩ ለዚህ የታረመ አሠራር ነው። በአሜሪካ የሚኖር ወገናችንም ችግሩን ያውቀዋል፤ ቅጹ ላይ አያቱ የቤተሰቡ ስም ሆነው፣ በሥራ ቦታው በማያውቃቸው አያቱ ስም ሲጠራ ይውላል።

በዚህ የተሳሳተ አደራደር አንድ ሰው ብቻ በአጋጣሚ ቦታውን ያገኛል። መንግሥቱ ለማ የአባቱን ትዝታ ከአንደበታቸው ጽፎ «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ ወልደ ታሪክ» ብሎ በ1959 ዓ.ም. አሳትሟል፤ ንግግሩ የአባት፣ ብዕሩ የልጅ። ማውጫው ልጁን በስሕተት «ለማ» ሥር ሲያስገባው ከሦስቱ መንግሥቱዎች ርቆ፣ ካርዱ በዚያ መጽሐፍ ባለ ታሪክ፣ በአለቃ ለማ ስም ሥር ይውላል።