የዲዩቲ ፕሮግራም ላይ የሚነበብ ሙያ

ሻሸመኔ መንገድ የሚገናኝባት ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው፣ ወደ ሐዋሳ የሚያልፈው፣ በአላባ አድርጎ ወላይታ የሚገባው፣ በኮፈሌና በዶዶላ ወደ ባሌ የሚወጣው ሁሉ እዚህ ይተላለፋል። ስለዚህ የከተማዋ ሆስፒታሎች ሌሊቱ ማንን ይዞባቸው እንደሚመጣ ማታ ላይ አያውቁም፤ መኪና የተገለበጠባቸው መንገደኞች ሊሆኑ ይችላሉ፣ ምጥ የጠናባት ወላድም ልትሆን ትችላለች። እንዲህ ባለ ቦታ ነርሶችን መምራት ምን ያህል ረቂቅ ሙያ እንደሆነ ማየት የሚሻ ሰው፣ በነርሶች ክፍል ግድግዳ ላይ በፕላስተር የተለጠፈውን የወሩን የዲዩቲ ፕሮግራም ቆም ብሎ ያንብብ።

ላይ ላዩን ሲያዩት ስምና ቀን ብቻ ነው፤ ጧት፣ ከሰዓት፣ ሌሊት፣ ኦፍ። ቀረብ ሲሉት ግን በደንብ የተሠራው ይለያል። ሌሊት ያደረ ሰው በማግስቱ ጧት አይጠራም። ሁለት አዲስ ተመራቂዎች አንድ ሌሊት ላይ ብቻቸውን አይጣሉም፤ ደም ስር አልገኝ ሲል ካኑላ የምታስገባ፣ ሐኪሙ መቼ ከእንቅልፉ መቀስቀስ እንዳለበት የምታውቅ አንጋፋ አጠገባቸው አለች። አፋን ኦሮሞ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው የሌለበት ሌሊት የለም፤ ከተቻለም ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ የሚያውቅ ይታከልበታል። ይህን ሁሉ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አስቦበታል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የበዓላቱ አደላደል ነው። ዓርብ ቀትር ላይ የጁምዓ ሶላት አለ። ከከተማዋ ወጣ ብላ ያለችው ኩየራ የአድቬንቲስቶች ትምህርት ቤት መቀመጫ ናትና ቅዳሜን የሚያከብሩ ባልደረቦች አይጠፉም። እሑድ ቅዳሴ ነው። በሦስቱ ቀናት መካከል ማንንም ሳያስቀይሙ ዋርዱን መሙላት በሥልጣን ብቻ አይሆንም። ጥሩ ኃላፊ ወሩ ሳይገባ እየዞረች ትጠይቃለች፤ በእርሳስ ታስቀምጣለች፣ ትሰርዛለች፣ እንደገና ትጠይቃለች። የፋሲካን ሌሊት ሙስሊሞቹ ይይዛሉ፣ የዒድን ክርስቲያኖቹ ይመልሳሉ። በረመዳን ጾመኛዋ ለአፍጥር ስትወጣ በሽተኞቿን የሚረከባት ሰው ስሙ ቀድሞ ታውቋል። ወረቀቱን ወደ ታች ስታነብቡ ደግሞ ማንም ከማይፈልጋቸው ሌሊቶች በአንዱ ላይ የኃላፊዋን የራሷን ስም ታገኛላችሁ።

ይህች እየጠየቀች የምትሠራ ሴት ግን ሁልጊዜ አትጠይቅም። ከወሊድ በኋላ ደም አልቆም ያላት እናት ስትገጥም ምክክር የለም። «አንቺ ማህፀኑን እሺ! አንተ ሁለተኛ መስመር ክፈት! አንቺ ኦክሲቶሲን! አንተ ለደም ሩጥ!» እያንዳንዱን ነጥላ ታዛለች፤ የታዘዘውም የሰማውን ደግሞ ይናገራል፣ ሲጨርስም «ተሰጥቷል» ይላል። «አንድ ሰው ይሩጥ» ብትል ኖሮ ማንም አይሮጥም ነበር ወይም ሁሉም ይሮጡ ነበር። እናትየዋ ከተረጋጋች በኋላ እነዚያኑ ሰዎች ቁጭ አድርጋ ምን እንደዘገየ፣ ከመሳቢያው ምን እንደጎደለ ትጠይቃቸዋለች፤ ያን ጊዜ ትንሹም ሳይፈራ ይናገራል። አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሁለት የአመራር ስልት አይተናል፤ የተለወጠው ጉዳዩ እንጂ ሴትየዋ አይደለችም።

ስለ አመራር የሚያስተምሩ መጻሕፍት ስልቶቹን ለያይተው ያስቀምጧቸዋል። ኩርት ሌዊንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1939 ባሳተሙት ጥናት ልጆች በሚያዝ፣ በሚያማክርና ዝም ብሎ በሚለቅ መሪ ሥር እንዴት እንደሚሠሩ አነጻጸሩ። በ1969 ኸርሲና ብላንቻርድ ስልቱ በሚመራው ሰው ብስለት ይወሰናል አሉ። ለነርሶች ይበልጥ የሚቀርበው ግን የፓትሪሺያ ቤነር የ1984 መጽሐፍ ይመስለኛል፤ ነርስ ከጀማሪነት እስከ ሊቅነት አምስት ደረጃ እንደምታልፍ ያሳያል። ለጀማሪዋ ደረጃ በደረጃ ሊነገራት ይገባል፤ ሃያ ዓመት የሠራችውን በዚያው መንገድ መምራት እጇን ማሰር ነው። ለአንጋፋዋ በሽተኛውን ማስረከብ ይበቃል። አዲሷን ግን «ታውቂዋለሽ» ብሎ መተው እምነት መጣል አይደለም፣ ጥሎ መሄድ ነው። የመድኃኒት መጠን ስትሳሳት በበሽተኛው ፊት የምትጮህባት ኃላፊም የምታተርፈው አንድ ነገር ነው፤ የሚቀጥለው ስሕተት ይደበቃል።

ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1859 ባሳተመችው የነርሲንግ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ጥቃቅን አስተዳደር የጻፈችው ምዕራፍ አለ። ኃላፊ የሆነ ሰው ራሱ ምን መሥራት እንዳለበት ብቻ ሳይሆን እሱ በሌለበት ያ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ማሰብ እንዳለበት ታስረዳለች። የሻሸመኔዋ ኃላፊ ፈቃድ በወጣችበት ሳምንት ኦክሲጅኑ ቀድሞ ተፈትሾ ከተገኘ፣ የሌሊቱ ሪፖርት በየአልጋው ከተሰጠ፣ ፕሮግራሙም ያለ ጭቅጭቅ ከተከበረ ሥራዋ ሠምሯል።

ሆስፒታል የምታስተዳድሩ ሰዎች፣ የዋርድ ኃላፊ ስትመርጡ የአገልግሎት ዘመንን ብቻ አትቁጠሩ። ዕጩዋን የአንድ ወር ፕሮግራም አሠሯት፤ እያንዳንዱን ሌሊት ለማን፣ ለምን እንደሰጠችው ጠይቋት። ከመረጣችኋት በኋላ ደግሞ ይህን ሥራ ማታ ቤቷ ወስዳ ሳይሆን በሥራ ሰዓቷ የምትሠራበት ጊዜ ስጧት።