አክተር እንደማይሞት እየታወቀ፦ የ«ኮማንዶ» ልብ ሰቀላና የመንገድ ከተማ ተመልካች

ስለ ቪዲዮ ቤት ከተጻፈው ጥቂት ነገር አብዛኛው ክስ ነው። በአንድ ቴሌቪዥንና በአንድ ዴክ፣ አግዳሚ ላይ ተጣብቦ ለተቀመጠ ተመልካች ይታዩ የነበሩት የአክሽን ፊልሞች ተማሪን ከትምህርት ቤት ያስኮበልላሉ፣ ጠብ ያስተምራሉ፣ ጡንቻና ጥይት እንጂ ታሪክ የላቸውም ተብለው ይወቀሳሉ። ሁለቱ ክሶች የማኅበረሰብ ጥናት ጉዳይ ናቸውና እዚህ አይነሡም፤ ሦስተኛው ግን የሂስ ጉዳይ ነው፤ ቢያንስ በአንድ ፊልም ላይም ፍርደ ገምድል ነው። ይኸውም በማርክ ሌስተር አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው፣ አርኖልድ ሽዋዚንገር ጆን ማትሪክስ የተባለውን ጡረተኛ ኮሎኔል ሆኖ የሚተውንበት «ኮማንዶ» ነው።

የአድናቂዎቹ ምክንያትም ከከሳሾቹ ብዙ አይሻልም። በምዕራቡ ዓለም ፊልሙ በዋናነት የሚታወሰው ማትሪክስ ጠላቱን በገደለ ቁጥር ጣል በሚያደርጋት አጭር ቀልድ ነው፤ ቀልዷም ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ቃል ድርብ ፍቺ ላይ የቆመች በመሆኗ ቋንቋውን ለማያውቅ ሰው ባዶ ድምፅ ናት። ከአዋሽ ሰባት ተነሥቶ በገዋኔና በሚሌ አልፎ ሰመራ በሚደርሰው መንገድ ላይ አፋርኛ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ተናጋሪ ጎን ለጎን ይኖራል፤ እንዲህ ላለው ተመልካች ቀልዷ አትደርሰውም። ትርጉም ፊልም የሚባለው፣ ተራኪ የገጸ ባሕርያቱን ንግግር በአማርኛ የሚያቀርብበት ቅጂ እንኳ ሴራውን እንጂ የቃሉን ጨዋታ አያሻግርም። ቀልዱ ተቀንሶለት ፊልሙ መታየቱ ካልቀረ ያቆመው ሌላ ምሰሶ አለ ማለት ነው።

ያ ምሰሶ ልብ ሰቀላ ነው፤ ማለትም ተመልካች ቀጥሎ የሚሆነውን ለማወቅ እንዲጨነቅ የሚያደርግ የታሪክ አወቃቀር። የቪዲዮ ቤት ተመልካች ዋናውን ገጸ ባሕርይ «አክተሩ» ይለዋል፤ «አክተር አይሞትም» የሚለውም የመግቢያው ሒሳብ ከመከፈሉ በፊት ጀምሮ የሚታወቅ ሕግ ነው። ብዙ የአክሽን ፊልሞች በዚህ ሕግ ይሸነፋሉ፤ የአክተሩን ሕይወት አደጋ ላይ ጥለው ሊያስጨንቁ ይሞክራሉ፣ ተመልካቹ ግን መጨረሻውን ያውቀዋል። «ኮማንዶ» ሕጉን እንዳለ ተቀብሎ ጭንቀቱን ከአክተሩ ነፍስ ወደ ሰዓቱ ያዛውረዋል፤ ማትሪክስ እንደማይሞት የታወቀ ነው፣ በጊዜ መድረሱ ግን አይታወቅም።

ከሥልጣን የተባረረ አምባገነን የማትሪክስን ልጅ አግቶ፣ ቫል ቨርዴ ወደምትባል ምናባዊ አገር ሄዶ ፕሬዚዳንቷን እንዲገድል ያስገድደዋል፤ ማትሪክስም ከጠባቂ ጋር አውሮፕላን ይሳፈራል። ፊልሙ ከተጀመረ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጠባቂውን እመቀመጫው ላይ ይገድለዋል፤ ሬሳውን ብርድ ልብስ አልብሶ፣ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ፣ ወዳጁ በጣም ስለደከመው እንዳትቀሰቅሰው አስተናጋጇን አደራ ይላታል፤ ከዚያም በአውሮፕላኑ ሆድ በኩል ወደ ጎማው ወርዶ፣ አውሮፕላኑ መሬት ሲለቅ ረግረግ ውስጥ ይዘልና የእጅ ሰዓቱን ለ11 ሰዓታት ይሞላል። አውሮፕላኑ አርፎ ሬሳው እስኪገኝ ድረስ ልጅቱ በሕይወት ትቆያለች፤ ከዝላዩ በኋላ የሚመጣው ድብድብ አብዛኛው አንድ ወሬ ከባለቤቱ እንዳይደርስ የሚደረግ ነው። በገበያ አዳራሹ ትዕይንት ሰሊ የተባለው የአምባገነኑ ወሮበላ ስልክ ለመደወል ሲገባ ማትሪክስ የስልኩን ሳጥን ከነሰውየው ነቅሎ ያነሣዋል። ለከሳሾቹ ይህ የጡንቻ ትርኢት ነው፤ በአወቃቀር ረገድ ግን የተቋረጠ ጥሪ ነው፤ ጥሪው ቢያልፍ የቀሩት ሰዓታት በሙሉ ይጠፋሉና። ፍንጮቹም ዕቃዎች ናቸው፤ ከሰሊ የሞቴል ቁልፍ ይገኛል፣ ቁልፉ ወደ ሌላ ወሮበላ ይመራል፣ ከእርሱ መኪና የአውሮፕላን ነዳጅ ደረሰኝ ይወጣል፣ ደረሰኙ መጋዘን ያሳያል። ይህን ሰንሰለት ለመከተል ዓይን ይበቃል፤ የፊልሙ ትልቁ ጥበብም፣ ማንም ሲያመሰግነው ባይሰማም፣ ይኸው ነው።

የጊዜ ገደብ በራሱ አዲስ አይደለም። ፍሬድ ዚነማን እ.ኤ.አ. በ1952 ባዘጋጀው «ሃይ ኑን» የከተማው ሹም በቀትር ባቡር የሚመጣውን ጠላቱን ይጠብቃል፣ ካሜራውም ደጋግሞ ወደ ግድግዳው ሰዓት ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር መስመር ያልፍባት የነበረችው አዋሽ፣ እንዲሁም የወደብ ጭነት መኪና ሾፌርና ረዳት የሚመላለሱበት የሰመራ መንገድ፣ የመድረሻ ሰዓት የኑሮ ጉዳይ የሆነባቸው ስፍራዎች ናቸውና፣ በመድረስና በመዘግየት ላይ የቆመ ታሪክ ለእነርሱ ማብራሪያ አያሻውም።

የፊልሙ የመጨረሻ ክፍል ግን መከላከያ የለውም። ማትሪክስ ልጁ የታገተችበት ደሴት ላይ ከወጣ በኋላ ሰዓቱ ይረሳል፤ አክተሩ ሜዳ ላይ ቆሞ ይተኩሳል፣ ወታደሮቹ በሰልፍ እየመጡ ይወድቃሉ፣ ዋናው ጠላት ቤኔት ደግሞ ያለ በቂ ምክንያት ሽጉጡን ጥሎ ቢላዋ ይመርጣል። በእነዚህ ደቂቃዎች ከሳሾቹ ያሉት ሁሉ እውነት ይሆናል። የሚያሳዝነው የአገር ውስጥ የአክሽን ፊልም በብዛት የቀዳው ይህንኑ ክፍል መሆኑ ነው፤ ተኩሱ ተወስዶ ሰዓቱ እዚያው ቀርቷል። ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣውና ስክሪፕቱን ከጻፉት አንዱ የ«ኮማንዶ» ጸሐፊ ስቲቨን ደ ሱዛ የሆነው «ዳይ ሃርድ» እግሩ በመስታወት ስብርባሪ የሚደማ አክተር አቅርቦ የሐያስያንን ልብ አግኝቷል፤ የሚገባውም ነው። ሆኖም የሰው ደካማነት የማይታይበትን አክተር ይዞ ተመልካችን ማስጨነቅ ከዚያ የከበደ ሥራ ነው፤ «ኮማንዶ» ለአንድ ሰዓት ያህል ተሳክቶለታል።

ዛሬ ዴኩ ቀርቷል፤ ፊልም በፍላሽና በስልክ ሚሞሪ ይጫናል። የኢትዮጵያ ሲኒማ ታሪክ ጸሐፍት ከአዲስ አበባ አዳራሾች ወጣ ብለው፣ በየመንገድ ከተማው ቪዲዮ ቤት የነበራቸው ሰዎች በሕይወት ሳሉ የትኛው ካሴት ደጋግሞ እንደታየ፣ የትኛውም እስኪበጠስ እንደተጫወተ ጠይቀው ቢመዘግቡ፣ ይህ ዳሰሳ በአንድ ፊልም ላይ ያቀረበው ክርክር በብዙ ፊልሞች ሊፈተን ይችላል።