የመምህር ድርሻ፣ የመምህር ወሰን

ስለ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የሚጻፉ ጥቂት ያልሆኑ ሂሶች፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ2006 የፒያኖ ሥራዎቻቸው በ«ኢትዮፒክስ» 21ኛ ቅጽ ከታተሙ ወዲህ፣ ሙዚቃቸውን የብሕትውና ፍሬ ብቻ አድርገው ያቀርቡታል። ይህ አተያይ መምህራቸውን ይዘነጋል። ከጣሊያን ወረራ ፍጻሜ በኋላ በካይሮ ያስተማሯቸው ፖላንዳዊው የቫዮሊን ሊቅ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ነበሩ፤ ተማሪዋም በቀን 9 ሰዓት ያህል ቫዮሊንና ፒያኖ ይለማመዱ ነበር። መምህሩ ኋላ አዲስ አበባ መጥተው የክብር ዘበኛን የሙዚቃ ክፍል መርተዋል። የያሬዳዊው ዜማ መንፈስ በፒያኖ እንዲህ ጠርቶ ሊሰማ የቻለው ያለዚህ ሥልጠና አይመስለንም።

ይሁን እንጂ የመምህርን ተጽዕኖ ማጋነንም ሌላ ስሕተት ነው። ለንደን ሄደው እንዲማሩ የተገኘው ዕድል ፈቃድ በመነፈጉ ሲመክን፣ መምህሩ የከፈቱትን በር ሌላ እጅ ዘጋው፤ ተማሪዋም ወደ ግሸን ማርያም አቀኑ። መምህር ችሎታን ያንጻል፤ የሙያን መንገድ የሚጠርገው ወይም የሚያጥረው ግን ሥርዓት ነው። በስደት የምናስተምር ሁሉ ይህን እናውቀዋለን። ሁለቱን ያልለየ ሂስ፣ የተዘጋውን በር የምናኔ ጸጋ ብሎ ያወድሳል።