«ሃይማኖት የግል ነው» የሚለው ቃል ሲመረመር

በስደት በሚታተሙ መጻሕፍቶቻችን «አገር የጋራ ነው፤ ሃይማኖት የግል ነው» የሚለውን ያህል ደጋግሞ የሚጠቀስ አባባል ጥቂት ነው። አብዛኛው ጸሐፊ ቃሉን ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይሰጥና የመቻቻላችን ማስረጃ አድርጎት ያልፋል። እኔ ሐኪም ነኝ፤ ጤነኛ የሚመስለውን ሳልመረምር ማሰናበት ሙያዬ አይፈቅድልኝም። ስለዚህ ይህን የተወደደ ቃል በምኖርባት በኔዘርላንድስ ሆኜ ልመረምረው እወዳለሁ።

በመጀመሪያ፣ «የግል» የተባለው የማን ሃይማኖት ነበር? በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን እንደሆነች፣ በመንግሥትም እንደምትደገፍ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ምንጊዜም የዚህ እምነት ተከታይ እንደሚሆን ደንግጓል። እንግዲህ የአንዱ ሃይማኖት የመንግሥት ነበር፤ «የግል» ሆኖ የቀረው የሌላው ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ የወጡት ሙስሊሞችና አብረዋቸው የተሰለፉት ክርስቲያኖች የተቃወሙት ይህንኑ ነው። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባል ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል፣ በዓላችንም ይከበር አሉ።

«የግል ሃይማኖት» በጡብና በእንጨት ተሠርቶ ማየት የሚሻ ወደ አምስተርዳም ይሂድ። ያን ሃርትማን የተባለ ካቶሊክ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1663 ከቤቱ ጣሪያ ሥር ያሠራው ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ሙዚየም ነው። እ.ኤ.አ. የ1579ኙ የኡትሬክት ስምምነት ማንም በእምነቱ እንዳይሳደድ ቢደነግግም፣ ካቶሊኮች በአደባባይ ማምለክ ተከልክለው ነበር። ከመንገድ እስካልታዩ ድረስ ሹማምንቱ አይተው እንዳላዩ ያልፏቸዋል። ጎብኚው ይህን መቻቻል ብሎ ያደንቃል። እኔ ግን ፈቃድን ከመብት እለያለሁ፤ ፈቃድ የሰጠው ሰው ሊነሣው ይችላልና። ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1796 ከተለያዩ በኋላም ቢሆን፣ በመንገድ ላይ ዑደት ማድረግን የሚገድበው ሕግ ከሕገ መንግሥቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው።

መብት ግን ከብዙኃን ስሜት ተለይቶ መቆም ይችላል። በሮተርዳም እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተው የኤስሰላም መስጊድ ሚናራዎች 50 ሜትር ያህል ከፍታ አላቸው፤ የሚደበቁ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2023 መስጊድና ቁርኣን ይከልከል የሚል ፕሮግራም ያቀረበው ፓርቲ ዘ ሄግ ካለው ምክር ቤት 150 መቀመጫዎች 37ቱን አሸንፎ አንደኛ ወጣ። መስጊዱ ግን አልተዘጋም። የእምነትን ነጻነት የሚጠብቀውን የሕገ መንግሥት አንቀጽ ለመለወጥ የምክር ቤቶቹ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል።

በዚሁ አንቀጽ ሥር ቅዳሴ የምንቀድሰው፣ ጁምዓ የምንሰግደው እኛ ስደተኞችም ነን። ሆኖም የአክሱም ነገር ሲነሣ «መካ ላይ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ አክሱም ላይ መስጊድ ይሠራል» የሚል ከመካከላችን አይጠፋም። ይህ ክርክር አክሱም የተወለደውን ዜጋ ላላወጣው የሳዑዲ ዓረቢያ ሕግ መያዣ ያደርገዋል። በ2017 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ ሂጃብ የለበሱ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ሲከለከሉ፣ መንግሥትንና ሃይማኖትን የሚለየው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11፣ የእምነትን ነጻነት የሚያረጋግጠውም አንቀጽ 27 በሥራ ላይ ነበሩ።

ብዛትም እንደ ቦታው ይለዋወጣል። አክሱም ላይ ብዙ የሆነው ኦርቶዶክስ ጅጅጋ ላይ ጥቂት ነው፤ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዚያ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፣ ካህናትም ተገድለዋል። በአክሱም የብዛትን ሥልጣን የሚያጸድቅ ሰው፣ ለጅጅጋው ምእመን የሚከራከርበትን ቃል በገዛ እጁ ይጥላል።

ስለዚህ የተወደደው አባባል ይጣል አልልም፤ ያልተነገረው ግማሹ ይነገር እላለሁ። እምነት የግል ከሆነ፣ የመንግሥት ሃይማኖት የለም ማለት ነው። አገር የጋራ ከሆነም የአክሱም መሬትና የጅጅጋ አደባባይ የጋራ ናቸው። እኛ በሰው አገር ያገኘነውን ይህን መብት ለወገናችን በገዛ አገሩ ልንነፍገው አይገባም።