ቱቦውን በጫፉ

የሞተር ሳይክል የፍሬን ቱቦ ለመቀየር ገበያ የወጣ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በሚያብረቀርቀው የሽቦ ጥልፍ ላይ ነው። አይፈረድበትም፤ ያምራል። የማይዝጉ ቀጫጭን ሽቦዎች ልክ እንደ ሹሩባ አንዱ ባንዱ ላይ እየተላለፈ፣ ሳይላሉና ሳይጨማደዱ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳሉ። ግን ጥልፉን የሚጎነጉነው ማሽን ነው። የሠሪው እጅ የሚለየው ጫፉ ላይ ስለሆነ እኔ የማየው ጫፉን ነው።

ቱቦው ለሁለት ቢቆረጥ ከጥልፉ ሥር ሲዳስሱት የሚያሙለጨልጭ፣ ውስጡ 3 ሚሊ ሜትር ያህል የሚሰፋ የቴፍሎን ቧንቧ ይታያል። ቧንቧው ዘይቱን ይይዛል፤ ጥልፉ ደግሞ ቧንቧው በግፊት እንዳይነፋ ያቅፈዋል። ቴፍሎንን በ1938 እ.ኤ.አ. የዱፖንት ኬሚስት ሮይ ፕላንኬት ስለ ማቀዝቀዣ ጋዝ ሲመራመር ሳያስበው ነው ያገኘው። ከሌላ ነገር ጋር መዋሃድ አይወድም፤ የሞተሩን ቀለም የሚልጠው የፍሬን ዘይት እንኳ አይነካውም። ይኸው ጠባዩ ግን ለሠሪው ፈተና ነው፤ ማጣበቂያ አይይዘውም። ቱቦውን ከብረት ጫፍ ጋር የሚያገናኘው ጥበብ ሁሉ ከዚህ ይጀምራል።

በእጅ የሚገጠመውን ዓይነት እንይ። ሠራተኛው መጀመሪያ ቱቦውን ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል። ከዚያ የጥልፉን አፍ በቀስታ ከፈት አድርጎ በሽቦውና በቴፍሎኑ መካከል ትንሽ የናስ ቀለበት ያስገባል። ዋናው ጭንቅ እዚህ ነው፤ አንዲት ሽቦ እንኳ ከቀለበቱ ሥር ገብታ ቴፍሎኑ ላይ ከተኛች፣ ዘይቱ እሷን ተከትሎ ይወጣል። ቀጥሎ የብረቱ ጫፍ ሹል ጭራ ወደ ቧንቧው ውስጥ ይገፋል፤ ዳዶው ሲጠብቅ ናሱ ቴፍሎኑን ከጭራው ጋር ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። ማጣበቂያ የለም፣ የጎማ ማኅተም የለም፤ የሦስት ነገሮች ልክ መግጠም ብቻ ነው። ይህን ሥራ ባየሁ ቁጥር አደንቃለሁ።

በፋብሪካ የሚጨመቀው ዓይነት ደግሞ ዳዶ የለውም፤ አንገቱ ላይ ያለው የብረት እጅጌ ዙሪያውን ባንድ ጊዜ ይጨመቃል። ገዢው ውስጡን ማየት ስለማይችል የመጭመቂያውን መንጋጋዎች አሻራ ያንብብ። ርቀታቸውና ጥልቀታቸው እኩል ከሆነ ጥሩ ነው፤ አንደኛው ወገን ጠልቆ ሌላው ለመታሸት ያህል ብቻ የተነካ ከሆነ ቱቦውን ቦታው ይመልሰው። ቱቦው ላይ የታተመውን መስመርም ያገላብጠው። የአሜሪካ የፌዴራል ደረጃ ቁጥር 106 ተራው የፍሬን ቱቦ ለ35 ሰዓት ያለማቋረጥ እየተወዛወዘ እንዲፈተን፣ የሠሪው መለያና የተሠራበት ጊዜም እንዲጻፍበት ያዛል።

የጎማውን ቱቦ ግን አልንቅም። በ1969 እ.ኤ.አ. ሆንዳ ሲቢ 750 የፊት ዲስክ ፍሬን ይዞ በብዛት መመረት ሲጀምር ግፊቱን ከእጀታው ወደ ታች ያወረደው ጎማ ነበር፤ በክር የተጠናከረ፣ መታጠፍን የሚችል፣ በጥንቃቄ የተሠራ ጎማ። ችግሩ ዕድሜ ነው። እያረጀ ሲሄድ በግፊት ይነፋል፤ እጀታው ሲጫኑት ይለሰልሳል። ከውስጥ ካበጠ ደግሞ ዘይቱ ወደ ታች ወርዶ መመለስ ያቅተዋል፤ እጀታው ተለቆም ሸራው ዲስኩን አልለቅም ይላል። ያማሃ በየአራት ዓመቱ ይቀየር የሚለው በከንቱ አይደለም።

የአዲሱን ቱቦ ርዝመት ከሞተሩ ላይ መለካት ያስፈልጋል። የፊት እግሩ እስከ መጨረሻው ተዘርግቶ፣ መሪው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ጥግ ድረስ ዞሮ፣ ገመድ በአሮጌው ቱቦ መንገድ ይዘርጋ። የተወጠረ ቱቦ አንገቱ ላይ ይሰበራል። የረዘመውም የሚሽከረከረውን ጎማ ወይም ዲስኩን ይነካል። ቴፍሎን ከልክ በላይ ከታጠፈ ታጥፎ ይቀራል፤ ቢያቃኑትም ያ ቦታ እንደ በፊቱ አይሆንም። ጥልፉ በፕላስቲክ የተሸፈነውን እመርጣለሁ፤ እርቃኑን የቀረ ሽቦ ሲንቀጠቀጥ የነካውን ሁሉ ቀለምም አሉሚኒየምም እንደ መጋዝ ይበላል።

የቱቦውን ጫፍ ከፍሬኑ ጋር በሚያስረው ቡሎን ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ውፍረቱ ያው 10 ሚሊ ሜትር ሆኖ የጥርሱ ርቀት ይለያያል፦ በአብዛኞቹ የጃፓን ሞተሮች 1.25፣ በብዙዎቹ የጣሊያን ፍሬኖች 1.0 ሚሊ ሜትር ነው። ያልሆነው ቡሎን አንድ ሁለት ዙር ገብቶ ይጠብቃል፤ በቁልፍ ካስገደዱት የካሊፐሩን አሉሚኒየም ጥርስ ይዞ ይወጣል። አሮጌውን ቡሎን በኪስ ይዞ ሄዶ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ማስተያየት ነው፤ ጥርስ ለጥርስ ከተኛ ልክ ነው።

ቀለበታማው የቱቦ ጫፍ በሁለት ሮንዴላ መካከል ነው የሚታሰረው። ገጹን ወደ ብርሃን አዙሩት፤ በደንብ ከተላገ ከዳር ዳር የሚያቋርጥ ጭረት አይታይበትም። ሮንዴላው ለስላሳ መዳብ ወይም አሉሚኒየም ነው፤ ሲጠብቅ ተጨፍልቆ የገጹን ትንንሽ ጉድለት ይሞላል። አንዴ የተጨፈለቀ በራሱ ተመልሶ ስለማይለሰልስ፣ ቱቦው ሲገዛ ለእያንዳንዱ ጫፍ ሁለት አዲስ ሮንዴላ አብሮ ይገዛል።