ምስለ ችሎትና የምስክር ጥያቄ

በሕግ ትምህርት ክፍል የሚደረገው ምስለ ችሎት ተማሪን ለጠበቃነት ያለማምደዋል ይባላል። ይህ በከፊል እውነት ነው። ተማሪው በሰው ፊት መቆምን፣ ፍርድ ቤትን በአክብሮት ማናገርን፣ የሕጉን አንቀጽ ከነገሩ ጋራ ማገናኘትን ይማርበታል። ዳሩ ግን ምስክርን መጠየቅን ይማርበታል ወይ ብለን ብንመረምር፣ የምናገኘው መልስ ደስ የሚያሰኝ አይደለም።

እኛ በተካፈልንበት ምስለ ችሎት ነገሩ የስርቆት ክስ ነበር። አንድ ሰው ከጎረቤቱ ከልብስ ሰፊው ቤት የስፌት መኪና ሰርቆአል ተብሎ ቀረበ፤ እኛም የተከሳሹ ጠበቃ ሆነን ቆምን። የዐቃቤ ሕግ ምስክር ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ተከሳሹ መኪናውን ተሸክሞ ሲወጣ አየሁት አለ። «ያን ጊዜ በመንገዱ ላይ መብራት ነበር ወይ?» ብለን ጠየቅነው። ምስክሩም ወረቀቱን አገላብጦ ካየ በኋላ «ይህ በቃሌ ላይ አልተጻፈም» ሲል መለሰ። ክፍሉ ሳቀ፤ ዳኛ ሆኖ የተቀመጠውም ጓደኛችን ወደሚቀጥለው ጥያቄ እንድናልፍ አዘዘን። እውነተኛ ምስክር ግን እንዲህ ብሎ ሊያመልጥ አይችልም። መብራት ነበር ይላል፣ ወይም አልነበረም ይላል፣ ወይም ትዝ አይለኝም ይላል፤ ከሦስቱ አንዱን ባለ ጊዜ ክሱ ይጠነክራል ወይም ይላላል።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 137፣ መስቀለኛ ጥያቄ የሚቀርበው ለዋናው ጥያቄ ከተሰጠው መልስ ውስጥ ስሕተት፣ አጠራጣሪ ወይም ሐሰት የሆነውን ለፍርድ ቤቱ ለማሳየት እንደ ሆነ ደንግጎአል። ከወረቀት የሚያነብ ምስክር ሊረሳም፣ ሊሳሳትም፣ ሊዋሽም አይችልም፤ ስለዚህ የአንቀጹ ዓላማ በክፍላችን ውስጥ ቦታ አላገኘም። ነገሩ ደግሞ የነጥብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም ያጣ ተከሳሽ ፍትሕ ሊጓደልበት የሚችል በሆነ ጊዜ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲያገኝ ይላል። ለዚህ ድሃ የሚቆሙለት ከእኛው መካከል የሚወጡ ናቸው። ስለ መብራቱ መጠየቅን ያልተማረ ጠበቃ ምን ያደርግለታል?

የድሮውን ሙግታችንን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው የሚያፌዙበት አሉ። በላ ልበልሃ እየተባባሉ፣ በማር፣ በፈረስና በበቅሎ እየተወራረዱ መሟገት አንደበተ ርቱዑን እንደሚጠቅም፣ ድሃውንም እንደሚጐዳ አንክድም። ሆኖም የዚያ ሙግት ስም «ተጠየቅ» መሆኑን ልብ ይሏል። ግጥሙና የእጁ ውርወራ ጌጥ ነበር፤ ባላጋራን በጥያቄ አጥብቆ ይዞ መልስ እንዲሰጥ ማስገደድ ግን የሙግቱ አጥንት ነበር። እኛ አጥንቱን ትተን ጌጡን ብቻ ያስቀረን ይመስላል። ለዚህም ማስረጃው ከነጥቡ የሚበዛው ለመክፈቻና ለመዝጊያ ንግግር መሰጠቱ ነው። ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ለመጣነው ይህ እጅግ ይመቻል፤ ስብከት ሲሰማና በክርክር ማኅበር ሲናገር ያደገ ተማሪ ድምፁን ከፍና ዝቅ ማድረጉን ያውቅበታል።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ፍራንዝ ፎን ሊስት የተባለው የወንጀል ሕግ መምህር በበርሊን፣ ሁለት ተማሪዎች በድንገት እንዲጣሉና አንደኛው ሽጉጥ እንዲመዝ በስውር አዘጋጅቶ ነበር። ጠቡ ሐሰት መሆኑን ያላወቁት የቀሩት ተማሪዎች ያዩትን እንዲጽፉ ተጠየቁ። ሁጎ ሙንስተርበርግ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1908 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጠው፣ ጥቂት የተሳሳተው እንኳ ከመቶ 26 ሲስት፣ የባሰበት ከመቶ 80 ስቶ ተገኘ። ሁሉም የሕግ ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም በዓይናቸው አይተዋል።

ሽጉጡ ይቅርብን። በመተላለፊያው ላይ አንድ ሰው የሌላውን ቦርሳ አንሥቶ ቢሄድ ይበቃል። ያዩት ተማሪዎች ከሁለት ሳምንት በኋላ ያለ ወረቀት ለምስክርነት ይጠሩ፤ መምህሩ የሆነውን ሁሉ አስቀድሞ ጽፎ በታሸገ ፖስታ ያስቀምጥ፤ ፖስታውም ፍርዱ ከተነበበ በኋላ ይከፈት። ጊዜ ያባክናል የሚሉ መምህራን እንደሚኖሩ እናውቃለን። ከመዝጊያው ንግግር ግማሹን ቢቀንሱልን ጊዜው ይገኛል።