ከማሕረም ወደ እግዚአ ሰማይ
ስለ አዱሊስና ስለ አክሱም የድንጋይ ጽሕፈቶች

የስሜን ስም ከተገኘባቸው ጥንታውያን ጽሕፈቶች አንዱ በአዱሊስ መንበር ላይ የነበረው ነው። ድንጋዩ ራሱ ዛሬ የለም፤ ቃሉን ግን ኮስማስ የተባለው የእስክንድርያ ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ካሌብ ወደ ሐሜር ለመዝመት ሲሰናዱ ከጽርእ ገልብጦ አቈይቶልናል። ስሙ ያልታወቀው ንጉሥ ታላቁን ወንዝ (ሊቃውንት ተከዜ ነው ይላሉ) ተሻግሮ የስሜንን ሰዎች እንደ ወጋ ይተርካል፤ አገራቸውም ዓመቱን ሙሉ ውርጭና በረዶ የማይለየው፣ በረዶውም ሰውን እስከ ጕልበቱ የሚያሰጥም እንደ ሆነ ይናገራል። የበየዳን ደጋና የራስ ዳሸንን ቍር የሚያውቅ አንባቢ በዚህ ላይ ፈገግ ሳይል አይቀርም። ንጉሥ ድሉን ሲያስጽፍ ብርዱንም ማግዘፉ የተለመደ ነው።

ነገር ግን ዋናው ቁም ነገር በመጨረሻው ላይ ይገኛል። ንጉሡ ወለደኝ ለሚለው ለአሬስ ምስጋና ያቀርባል፤ መንበሩንም ለእርሱ ያቆማል። ወደ አዱሊስም ወርዶ በባሕር ስለሚሄዱት ሰዎች ለዜውስ፣ ለአሬስና ለፖሲዶን ይሠዋል። ይህ ሁሉ የአረማዊ ነገር ነው ብሎ ጽሕፈቱን የሚንቅ ሰው ቢኖር የራሱን አባቶች ታሪክ እኩሌታ አውቆ መቅረቱ ነው። የጽርኡ ስም ልብስ እንጂ ገላ አይደለምና። ንጉሥ ዔዛና በቤጃ ዘመቻ ባስጻፈው ድንጋይ ላይ ጽርኡ አሬስ ያለውን ግዕዙ ማሕረም ይለዋል። ከማሕረምም ጋር ዐስተርና ብሔር፣ ምድርም ይጠሩ ነበር።

ከዚህ በኋላ በ4ኛው መቶ ዓመት አባ ሰላማ ከአትናቴዎስ እጅ ተሹመው መጡ። ያው ዔዛና ስለ ኖባ ዘመቻው ባስጻፈው የግዕዝ ጽሕፈት ማሕረም ጠፍቶአል፤ ንጉሡ ድሉን ሁሉ የሚሰጠው ለእግዚአ ሰማይ ነው። ስለ ሥላሴ ግን በዚያ አንዳች ቃል አልተጻፈም። ሆኖም በ1969 ዓመት በኤውሮፓ አቈጣጠር በአክሱም የተገኘው የጽርእ ጽሕፈት አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን በግልጥ ይጠራል። አንድ ንጉሥ ለሁለት አድማጭ በሁለት ቋንቋ መናገሩ ነው። ሕዝቡን እንዳያስደነግጥ ተጠነቀቀ የሚሉት ሊቃውንት አሳብ ይስማማኛል፤ ይህንንም ጥንቃቄ እንደ ፍርሃት አልቈጥረውም። ማሕረምን የለመደ ጆሮ እግዚአ ሰማይ የሚለውን ስም ያለ ተርጓሚ ይሰማዋልና።

ስለ አነጋገሩ ስንመረምር፣ አሮጌው ቃል በአዲሱ ውስጥ እንዴት እንደ ቀረ እናያለን። ቀድሞ የማይሸነፈው የማሕረም ልጅ ይባል የነበረው ንጉሥ አሁን የማይሸነፈው የእለ ዐሚዳ ልጅ ተባለ፤ ይኸውም አባቱ ሰው ሆነ ማለት ነው። ቀድሞ አምላክ የነበረው ብሔርም በእግዚአብሔር ስም ውስጥ ጌታ ያለው አገር፣ ዓለም ሆኖ ይነበባል። በገንዘቡም ላይ ጨረቃው ለመስቀል ቦታ ለቀቀ።

የጦሩ ሥራ ግን አልተለወጠም። የኖባ ከተሞች ይቃጠላሉ፤ እህሉ ይጠፋል፤ የሞተውና የተማረከው፣ ከብቱና በጉም ሳይቀር ይቈጠራል። የጣዖቶቻቸው ምስል መሰበሩም ከዚሁ ጋር ይተረካል። ይህን ሸፍኖ ጽሕፈቱን እንደ ድርሳን ብቻ ማንበብ ተገቢ አይመስለኝም። ከዚሁ መካከል ግን በአዱሊሱ ቃል የማናገኘው አንድ ነገር ይሰማል፤ ንጉሡ ሕዝቡን በጽድቅና በርትዕ ሊገዛ እንጂ ሊበድል እንዳይሻ ቃል ይገባል። አሬስን ያመሰገነው ንጉሥ እንዲህ ያለ ዕዳ በራሱ ላይ አልጻፈም።

ኮስማስ የአዱሊሱን ቃል በገለበጠበት በዚያው መቶ ዓመት፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት፣ ቅዱስ ያሬድ ከአክሱም ተሰናብቶ የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈው በእነዚሁ በስሜን ተራሮች ነው።